«ምርመራው ደህና ነው» ተብለው በሦስተኛው ሳምንት ልባቸው፦ ኮላጅኑን የሚቆርጠው ማነው?

የታቦር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ 57 ዓመታቸው ነው። ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚሁ ሀዋሳ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ስኳር የለባቸውም። ግፊት ትንሽ አለ። ሲጋራ በቀን አራት አምስት። ባለፈው ወር በልጆቻቸው ጭቅጭቅ ሙሉ ምርመራ አደረጉ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና። በመሮጫ ማሽን ላይ የሚሠራውም ደህና። ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል ተብሎ ኪኒን ታዘዘላቸው። «ልቤ ደህና ከሆነ ኪኒኑ ለምኔ» አሉና ወረቀቱን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ረሱት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ወረድን። ጋሼ ሾርባውን ጀምረው ማንኪያውን አስቀመጡ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። ግራ ትከሻቸውን ሲያሹ አየሁ። ባጃጅ ይዘን በረርን። መጀመሪያ የገባንበት ቦታ ጨጓራ ነው ብለው መርፌ ወግተው ሁለት ሰዓት አስቀመጡን። ስም አልጠራም፣ ጸብ አልፈልግም። በኋላ አንዲት ነርስ ናት «ኢሲጂ ይነሣ እንጂ» ያለችው። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። የተዘጋው የልባቸው ደም ስር ነበር። ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገባላቸው፣ ተመስገን ተርፈዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሐኪሙ ምስሉን እያሳየን «ይሄ ቦታ ከመቀደዱ በፊት ግማሽ ያህል እንኳ የጠበበ አይመስልም። የተቀደደው ክዳኑ ነው። ኮላጅኑን ኢንዛይም በልቶታል» አለን። ከዚያ ለሌላ በሽተኛ ጠሩትና ሄደ። የምን ክዳን? የማን ኢንዛይም? ካልጠበበ እንዴት ተዘጋ? ጋሼ አልጋ ላይ ሆነው እኔን ነው የሚጠይቁኝ። እኔ የተማርኩት ሰርቬይንግ ነው።

ሻይ በሎሚ (ከምሽቱ 2፡31)

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔም አባቴን ያጣሁት «ጨጓራ ነው» በምትባል ቃል ነው። በዚህ አገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለው ሁሉ ጨጓራ ነው። መልስ የለኝም፣ ወንበር ስቤ ልስማ።

ጋውን ለባሽ (ከምሽቱ 3፡05)

ይማርልህ። ባዮኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ጋሼ መድኃኒት አላወራም። ስለ ኢንዛይሙ ግን እናውራ።

መጀመሪያ የቧንቧውን ሥዕል ከጭንቅላትህ አውጣ። «ደም ስሩ በስብ ተደፈነ» ሲባል የሚታየን የወጥ ቤት ቧንቧ ነው። ስቡ ግን ቧንቧው ውስጥ አይደለም ያለው። ግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳው ያብጣል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይለጠጣል፣ የደሙ መንገድ ለዓመታት እምብዛም ላይጠብ ይችላል። የመሮጫው ማሽን የሚይዘው ደግሞ መንገድ ሲጠብ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አልዋሸም። ጋሼ የጠየቁትን ጥያቄ አልነበረም የሚመልሰው።

ያ የስብ ቋት (ፕላክ ይሉታል) ከደሙ የሚለየው ክዳን አለው። ክዳኑ በዋናነት ኮላጅን ነው፣ አንደኛውና ሦስተኛው ዓይነት። ኮላጅን ምን እንደሆነ ማየት ከፈለግህ የበሬ እግር ቅቅል ሥራ። ማታ ፍሪጅ አስገባው። ጠዋት መረቁ ረግቶ በማንኪያ ስትነካው ይንቀጠቀጣል። ያ የተፈታ ኮላጅን ነው፣ ጄላቲን ይባላል። ሦስት ክር እንደ ገመድ ተገምዶ ነበር፣ እሳቱ ፈታው። ጅማት ሳለ ጥርስ አይበጥሰውም። ከተፈታ በኋላ ምላስ ላይ ይሟሟል።

አሁን ወደ ቆራጩ። ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፣ ባጭሩ ኤም ኤም ፒ። ሰው ውስጥ ከ20 በላይ ናቸው። ሥራቸውን የሚሠሩት መሀላቸው በተቀመጠ ዚንክ ነው። ያልተነካ፣ እንደተገመደ ያለ ኮላጅን መቁረጥ የሚችሉት ግን ጥቂት ናቸው። ዋናዎቹ 1፣ 8 እና 13 ቁጥር ናቸው። የሚቆርጡትም አንድ ቦታ ነው፣ ከርዝመቱ ሦስት አራተኛው ላይ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዴ ከተቆረጠ፣ በ37 ዲግሪ፣ በገዛ ሰውነታችን ሙቀት፣ ገመዱ ራሱን ይፈታል። ድስት አይፈልግም። ከዚያ 2 እና 9 ቁጥር ይመጡና የተፈታውን ይከትፉታል።

እና ለጋሼ እንዲህ በላቸው፦ ክዳኑ ላይ ያለ እሳት ቅቅል ተሠራ።

ክዳኑ ሲቀደድ ደሙ ስቡን ያገኛል። ስቡ ውስጥ ደምን የሚያረጋ ነገር ሞልቷል። በደቂቃዎች ይረጋል። ያልጠበበው መንገድ የተዘጋው በስቡ አይደለም፣ በረጋው ደም ነው።

የታቦር ልጅ (ከምሽቱ 3፡22)

ቅቅሏን ለጋሼ በስልክ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ግን ጠየቁ፦ «ሰውነቴ ለምን መቀስ ያመርትብኛል?» መልስ ይዘህ ና ብለውኛል። አስተማሪ መቼም።

ጋውን ለባሽ (ከምሽቱ 3፡48)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስተማሪነታቸው አልጠፋም።

ሐይቁ ዳር ልጆች በጠርሙስ የሚይዟት ጅራት ያላት ጥቁር ነገር አለች አይደል? የእንቁራሪት ልጅ። ስታድግ ጅራቷ ይጠፋል። ወዴት ይሄዳል? ጀሮም ግሮስ እና ሻርል ላፒየር በ1962 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ ነው የጠየቁት። የጅራቱን ሥጋ ኮላጅን ጄል ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁ ጄሉ ዙሪያውን ሟሟ። የመጀመሪያው ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይም የተገኘው እንደዚያ ነው። ጅራቱን የምትበላው ራሷ ናት።

እኛም ያለሱ አንኖርም። ቁስል ሲድን የድሮው ይፈርሳል፣ አዲሱ ይሠራል። አጥንት ሲያድግ እንደዚያው። ከወሊድ በኋላ ማሕፀን የሚሰበሰበው በዚሁ ነው። ኢንዛይሙ ጠላት አይደለም። ደግሞ ሲመረት መቀሱ ሰገባው ውስጥ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚሸፍነው ቁራጭ ካልተነሣለት አይቆርጥም። በዚያ ላይ ቲምፕ የሚባሉ አራት ልጓሞች አሉት።

ፕላክ ውስጥ የተበላሸው ሚዛኑ ነው። ስቡን ሊያጸዱ የገቡ ማክሮፌጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ጠግበው ይቀራሉ። አረፋ መስለው ያብጣሉ። ከዚያ መቀሱን ያለ ልክ ይለቁታል። በሌላ በኩል ኮላጅኑን የሚገነቡት የግድግዳው የጡንቻ ሴሎች ናቸው። ቲ ሴሎች (ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች) ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይለቃሉ፣ ትርጉሙም ለግንበኞቹ «ሥራ አቁሙ» ነው። አፍራሹ በዛ፣ ግንበኛው ቆመ። ቦስተን የፒተር ሊቢ ቡድን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ይሄን ነገር ጡብ በጡብ ነው ያሳየው። በ1994 እ.ኤ.አ. ከሰው የተወሰደ ፕላክ ላይ ኢንዛይሞቹ የሚበዙት ክዳኑ ከጤነኛው ግድግዳ የሚገናኝበት ትከሻው ላይ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ጊዜ የሚቀደደውም እዚያው ነው።

መረብ ጠጋኝ (ከምሽቱ 4፡15)

እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ግን ይሄን ነገር አውቀዋለሁ።

አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ጠዋት ከሐይቁ ሲመለስ መረቡን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በጣቶቹ ይሄድበታል። እያንዳንዷን ዓይን። የላላችውን ያጠብቃል፣ የተበጠሰችውን ይቋጥራል። ልጅ ሆኜ «አባዬ ይሄ መረብ ስንት ዓመቱ ነው?» ስለው «የትኛው ክሩ?» ይለኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚሠራ መረብ ነው።

አንድ ጊዜ ወባ ያዘውና ሁለት ሳምንት ተኛ። ታላቅ ወንድሜ መረቡን እንዳለ ይዞት ወጣ። ተቀደደ። የቀደደው ግን ትልቁ ዓሣ አምባዛ እንዳይመስላችሁ። ቆሮሶ ነው፣ መዳፍ የምታክል ዓሣ። አባቴ ወንድሜን አልተቆጣውም። ቀዳዳውን አይቶ «ይሄ የዛሬ አይደለም» አለ።

ጋውን ለባሽ (ከምሽቱ 4፡21)

መረብ ጠጋኝ፣ ይሄን ክፍል ውስጥ እሰርቀዋለሁ፣ ፈቃድህን አልጠይቅም። ትከሻው ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሳሳ የኖረ። ከዚያ ተራ የደም ግፊት ሞገድ ይበቃዋል። ንዴት፣ ድንገተኛ ከባድ ሸክም፣ ወይ ምንም።

ደረጃ የሚወጣ ሬዚደንት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ አሁን ገና አየሁት። ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን ቅቤ እየተቀባ ነው፤ ትንሽ ልቀንስለት።

አንደኛ፣ ውፍረቱን እንናገር። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ በአስከሬን ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የተቀደዱት ክዳኖች 95 በመቶ ውፍረታቸው ከ65 ማይክሮን በታች ሆኖ ተገኘ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። 65 ማይክሮን ከደብተር ወረቀት ይሳሳል። «አደገኛ ስስ ክዳን» የምንለው መስመር ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ደም ስር ውስጥ በሚገባ ብርሃን ተጠቃሚ ቀጭን ካሜራ ክዳኑን በሕይወት ባለ ሰው ላይ መለካት ይቻላል። ተራው አንጂዮግራፊ (ቀለም አስገብቶ የሚነሣው የደም ስር ራጅ) ግን አያየውም። ጥላውን ነው የሚያየው።

ሁለተኛ፣ ስስ ክዳን ሁሉ አይቀደድም። ፕሮስፔክት የሚባለው ጥናት (2011 እ.ኤ.አ.) 697 ሰዎችን ተከታተለ። ክዳናቸው የሳሳ የሚመስሉ 595 ፕላኮች ተቆጠሩ። ከሦስት ዓመት ከምናምን በኋላ ችግር ያመጡት 26 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ ወይም ይድናሉ። ስለዚህ «ስሱን ፈልገን ሁሉንም ስቴንት እናድርግ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ የልብ ድንገተኛ አደጋ ሁሉ በመቀደድ አይመጣም። ክዳኑ ወፍራም ሆኖ ላዩ ብቻ ተልጦ ደም የሚረጋበትም አለ፣ ቀላል የማይባል ድርሻ አለው። እዚያ ላይ የኮላጅን ታሪኩ ብቻውን አይበቃም።

ስለ ሁለቱ ሰዓት ግን ምንም የምቀንሰው የለም። ከ40 በላይ የሆነ ሰው፣ ላብ ያጠመቀው፣ ደረቱን የጨነቀው፣ ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሣለት። ጨጓራ ይጠብቃል። ያቺን ነርስ ሳሙልኝ።

ፋርማሲ ዳር (ከጠዋቱ 3፡00)

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ኢንዛይሙን የሚያቆም ኪኒን ስጠኝ» እንደሚለኝ ይታየኛል፤ ስለዚህ ቀድሜ ልናገር።

አዎ፣ ዶክሲሳይክሊን እነዚህን ኢንዛይሞች ይይዛል። ለወባ መከላከያም የምንሰጠው እሱው። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 20 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለድድ በሽታ፣ ኢንዛይሙን እንዲገታ ተብሎ ተፈቅዷል። በዚያ መጠን ተሕዋስ አይገድልም። ለልብ ሕመምስ? በ2004 እ.ኤ.አ. ሃምሳ በሽተኞች ላይ ለስድስት ወር ተሞከረ። ደም ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ወረደ። ሞትና ዳግም ሕመም ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ ግን ከዚያ በኋላም ለዚህ ሥራ መደርደሪያ ላይ የወጣ መድኃኒት የለም።

ሁሉንም ኤም ኤም ፒ በአንዴ የሚገታ መድኃኒት ለካንሰር ተሞክሮ ነበር። በሽተኞቹ መገጣጠሚያና ጡንቻቸው እየታመመ ተቸገሩ። ከላይ እንደተባለው ሰውነት መቀሱን ለሌላም ይፈልገዋል። አንዱን ወንበዴ ለመያዝ ከተማውን በሙሉ መዝጋት ዓይነት ነው።

ጋውን ለባሽ (ከጠዋቱ 3፡25)

ልጨምርበት። አይጦች ላይ በ2005 እ.ኤ.አ. የተሠራ አለ። ዘረ መሉን እያጠፉ አንድ በአንድ ሞከሩ። 12 ቁጥርን ሲያጠፉ ፕላኩ ተሻለ። 3 ወይም 9 ቁጥርን ሲያጠፉ ባሰበት! ግንበኞቹ ሴሎች ራሳቸው መንገድ ለመክፈት መቀስ ይፈልጋሉ መሰለኝ። «ኤም ኤም ፒ መጥፎ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። የትኛው፣ የት፣ መቼ ነው ጥያቄው።

የሕይወት ጤና ምርቶች (ከጠዋቱ 4፡10)

ወገኖች ችግሩ የኮላጅን እጥረት ከሆነ መፍትሔው ኮላጅን ነው! ከውጭ የመጣ ኦሪጅናል የዓሣ ኮላጅን ዱቄት አለን፣ ለቆዳ፣ ለጉልበት፣ ለልብ። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ሻይ በሎሚ (ከጠዋቱ 4፡12)

መጣች።

ጋውን ለባሽ (ከጠዋቱ 4፡30)

ወንድሜ፣ ከተቀጠቀጠ መረብ የተሠራ ጥቅል ብትበላ መረብ አትሆንም። የምትበላው ኮላጅን ሆድህ ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድና አጫጭር ቁራጭ ይሆናል። ከሽሮም ከዓሣም የሚመጣው ክምር ውስጥ ይቀላቀላል። ጋሼ የአሸዋና የሲሚንቶ እጥረት አልነበረባቸውም። ግንበኛው ነው ሥራ የፈታው፣ አፍራሹ ነው የበዛው። ዓሣ መብላት ከፈለጉ አሞራ ገደል አለ፣ በዚያ ዋጋ ቤተሰብ ይጠግባል።

የሁለት ልጆች እናት (ከጠዋቱ 5፡45)

ይቅርታ፣ እኔ ብዙም አልጽፍም። የኔ ባለቤት ያቺን የኮሌስትሮል ኪኒን፣ አቶርቫስታቲን፣ ስምንት ወር ወሰደ። ከዚያ ሲመረመር ወርዷል ተባለ። «ወርዷል እኮ» ብሎ ተወው። አሁን አምስት ወር ሊሆነው ነው። ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ። ኪኒኑ ስቡን ነው የሚያወርደው ወይስ ክዳኑንም ይነካዋል?

ደረጃ የሚወጣ ሬዚደንት (ከቀኑ 7፡15)

እህቴ፣ የውይይቱ ዋና ጥያቄ ያንቺ ነው። ሁለቱንም ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ልንገርሽ። የአንገታቸው ደም ስር በቀዶ ሕክምና ሊጸዳ ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ከቀዶው በፊት ለሦስት ወር ፕራቫስታቲን (የባለቤትሽ ኪኒን ዘመድ፣ ሁለቱም ስታቲን ይባላሉ) ወሰዱ። ፕላኩ ሲወጣ ተመረመረ። ኪኒን በወሰዱት ላይ ስቡ ያነሰ፣ ማክሮፌጁ ያነሰ፣ 2 ቁጥር ኢንዛይም ያነሰ፣ ልጓሙ ቲምፕ የበዛ፣ ኮላጅኑም የበዛ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ወር ብቻ ነው። ጥንቸሎች ላይ ደግሞ ያለ ኪኒን፣ ቅባት የበዛበትን መኖ በማስቀረት ብቻ፣ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። መቀሱ ቀነሰ፣ ኮላጅኑ ጨመረ። ስቡ ሲቀንስ ማክሮፌጁ የሚጮህበት ምክንያት ያጣል።

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር ስታቲን መንገዱን ብዙም አያሰፋም። በምስል ብታይው ጠባቡ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ግን የልብ አደጋው ይቀንሳል። ለምን? መረቡ እየተጠገነ ነዋ።

«ወርዷል» ማለት ኪኒኑ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሲተወው ተመልሶ ይወጣል። ባልሽን ይዘሽ ያዘዘለት ሐኪም ጋ ሂጂ። ጡንቻ ሕመም ወይም የጉበት ችግር አስቸግሮት ከሆነ ይንገረው፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል። ብቻ ዝም ብሎ አይተወው።

የሁለት ልጆች እናት (ከቀኑ 7፡40)

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ማታ «መረብ» እያልኩ ልጀምርለት። የይርጋለም ልጅ ነው፣ ቡርሳሜ በቅቤ ካልሆነ አይበላም። እሱ ላይ ደግሞ ነገ እጣላለሁ፣ ዛሬ ኪኒኑ ይበቃኛል።

ፋርማሲ ዳር (ከቀኑ 8፡05)

እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደ ባለቤትሽ ናቸው። አንድ ጥቅል ይወስዳሉ፣ ሁለተኛውን ይወስዳሉ፣ ሦስተኛው ላይ አይመጡም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ተሽሎኛል» ይሉኛል። የማያም ነገር ተሻለኝ ይባላል?

የታቦር ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ትናንት ጋሼ ወደ ሀዋሳ ተመለሱ። ውይይቱን በሙሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መረብ ጠጋኝ ጋ ሲደርስ «ቆይ ድገመው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። «ይሄ የዛሬ አይደለም» የሚለውን ብቻ ሦስተኛ አስደገሙኝ።

ያቺ ወረቀት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ተገኘች፣ ታጥባለች፣ ጽሑፉ አይነበብም። ለማንኛውም አዲስ አበባ ያሉት ሌላ ጽፈውላቸዋል፣ መጠኑም ከፍ ብሏል። ሲጋራውን ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ለቅመን ጥለናል። ከቤት ውጭ ያለውን እግዜር ያውቃል። ነርሷን ፈልጌ ዓሣ ልጋብዛት ሄጄ ነበር። ተረኛ አይደለችም አሉኝ፣ ማክሰኞ ተመለስ ብለውኛል።

ጋሼ ግን አዲስ ነገር ጀምረዋል። ዛሬ ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ «65 ለመድረስ ስንት ማይክሮን ይቀረኛል? ቀመሩን ካመጣህልኝ እኔ እሠራዋለሁ።»